ያለ ቡሎን የተሠራው አልጋ

ልጄ ስትዳር የሠርግ አልጋዋን የሠራላት ሌላ ሰው ነው። አባቷ እንጨት እንደሚሠራ እያወቀች፣ ያደገችበት ግቢ ውስጥ ቶርኖ ቆሞ እያለ፣ ሄዳ ከሌላ ሰው አዘዘች። የተበደልኩት ይኼንን ነው። አሁን እንዴት እንደሆነ ልናገር።

አናጢ አይደለሁም። አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ወፍጮ ቤት ነበረኝ። ዕድሜዬን የሰው በቆሎና ስንዴ ስፈጭ ኖሬ፣ ደረቴ ማፏጨት ሲጀምር ዘጋሁት። ድንጋዮቹን ሸጥኩ፣ ዲናሞው ቀረ። ደህና ዲናሞ ሥራ ፈቶ አቧራ ሲጠጣ ማየት አልወድም። ብየዳ ቤት ወስጄ ብረት አስበየድኩለት፣ ቶርኖ አደረግኩት። እንጨቱን ከወዲያና ከወዲህ ታሥረዋለህ፣ ዲናሞው ያሽከረክረዋል፣ አንተ መሮ ታስጠጋለህ። ሳህን ይወጣል፣ የበርጩማ እግር ይወጣል። አልሸጥም። ለምን እንደምሠራ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ፣ አንተስ ኳስ ለምን ታያለህ ብዬ እመልሰዋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ቀበሌው ለጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት ተመዘገብኩ፣ ገባኝ። ስለዚህ ስጽፍ እንደማወራ ነው። የማይጥመው ይተወው።

እንደኔ በእንጨት ያበዱ ሰዎች ከተማው ውስጥ አሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጡረተኛ ድሬሰር ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። ሰውዬው የአርሲ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። በሕይወታቸው ስንት ሰው መርፌ እንደወጉ እንጃ፣ አሁን በርጩማ ነው የሚሠሩት። እያንዳንዳችን የሠራነውን ይዘን እንመጣና ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጣለን። የሠራው ሰው አይናገርም። ሌሎቹ ያነሱታል፣ ይገለብጡታል፣ ከፊቱ ይልቅ ከሥር ያለውን ሆዱን ያዩታል፤ ፊቱን ማሳመር ማንም ያሳምራል። ከዚያ ጋሼ አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አዙረው ይፈርዳሉ። ፎቶ ይነሳና ቴሌግራም ላይ ይወጣል።

ሕጋችን አንድ ነው። ምስማር ነውር ነው። ቡሎን ደግሞ ከምስማር ይብሳል። እንጨት በእንጨት ይያዛል፤ የአንዱ ጫፍ ምላስ ይወጣለታል፣ የሌላው ወገብ ይበሳል፣ ምላሱ ገብቶ በወይራ ችካል ይቆለፋል፣ ኮላ ይጠጣል፣ አለቀ። ብረት ይዞ የመጣ ሰው ለሁሉም ለስላሳ ይጋብዛል። ይኼንን ሕግ ያወጣነው እኛው ነን። መንገድ ዳር ያሉትን አናጢዎች፣ ባሕር ዛፍ በምስማር እየወጉ ሶፋ የሚሉትን፣ እንስቅባቸው ነበር።

ሹፌሩ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የኔን ያህል የሚሠራ ሰው አልነበረም። እንዲህ ብዬ ስጽፍ አላፍርም። ሁሉም ያውቃል።

ሹፌሩ የወሎ ሰው ነው። ጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዳ ኖሮ፣ ወገቡን ሲያመው አዳማ ላይ መሪውን አስረከበ። እኛ ጋ ሲመጣ መሮ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። እኔ ነኝ ያሳየሁት። እንዴት እንደሚሳል፣ እንጨት ሲጮህ ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ሁሉን። እሱም "አብሽር ወንድሜ፣ ጎማ ከመቀየር አይከፋም" እያለ ይስቃል። ሰው ይወደዋል። ሲናገር ሁሉም ወደሱ ይዞራል። እኔ ስናገር ሻይ ይቀዳሉ።

አንድ እሑድ ከወይራ ሥር የፈለፈልኩትን ሳህን ይዤ ሄድኩ። የወይራ ሥር አስቸጋሪ ነው፣ ድንጋይ ዋጥ አድርጎ ያድጋል፣ መሮ ያደነዝዛል። ስንት ጊዜ እጄን አስፈንጥሮኛል። ጋሼ አነሱት፣ ገለበጡት፣ አውራ ጣታቸውን አዞሩ።

"ጋሪዳ" አሉ። በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ደስ አለኝ።

ሹፌሩ ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ። የስኳር ዕቃ፣ ከነክዳኑ፣ ከጭብጥ የማይበልጥ። ጋሼ ክዳኑን ሲያነሱት እፍ አለ። እንደ ሰው ተነፈሰ። ሲመልሱት በገዛ ራሱ ቀስ እያለ ወረደና ተቀመጠ። አየር እንኳ የሚያስገባ ክፍተት የለውም ማለት ነው። ጋሼ እንደ ሕፃን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ከፈቱት፣ ዘጉት።

"ባዬ ጋሪዳ!" አሉ።

ባዬ ማለት በጣም ማለት ነው። ለኔ ባዬ ብለውኝ አያውቁም። ወደ ቤቴ ሄጄ ዲናሞውን አስነሳሁና ክዳን መሥራት ጀመርኩ። አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጣበቃል። የሚተነፍስ ክዳን አልወጣልኝም። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሚስቴ ሽንኩርት መክተፉን ትታ መጥታ በር ላይ ቆመች፤ "ይኼ ሁሉ ክዳን ለየትኛው ድስት ነው?" አለችኝ።

ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ሰው የሚጽፈውን እያንዳንዱን አነባለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ስለዚህ ሰው በአንድ ጊዜ የሚውጠውን ምሬት እኔ ፊደል በፊደል ነው የማላምጠው። ከኔ ሳህን ሥር "ጎበዝ" ይላል። ከሱ ሥር "ይኼ እንጨት ነው ወይስ ቅቤ?"፣ "እጅዎ ይባረክ"፣ "የት ነው የሚገኙት?" ይላል። ጎልማሶች ትምህርት ቤት ባልገባሁ ኖሮ ቢያንስ ይኼ ይቀርልኝ ነበር።

ልጄ ዝዋይ ነው የምትሠራው፣ እዚያው ያለ ልጅ አገኘች፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሽማግሌ ሲመጣ እሺ አልኩ፤ ልጁ ክፋት የለውም። እኔ በልቤ የማስበው ስለ አልጋው ነበር። ገና ትምህርት ቤት እያለች የገዛኋቸው የዋንዛ ሳንቃዎች አሉኝ፣ ወፍጮ ቤቱ ቆጥ ላይ የተጋደሙ፣ በአዳማ ነፋስ ደርቀው አጥንት የሆኑ። ለማንም አልተናገርኩም። አባት ለልጁ አልጋ እሠራለሁ ብሎ አዋጅ ያስነግራል እንዴ? የታወቀ ነገር መስሎኝ ነበር። ሳንቃዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ከዚያ አንድ እሑድ ሹፌሩ ገና ከመግባቱ እጁን ዘርግቶ መጣና አቀፈኝ።

"ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ! ልጅህ እኮ ሥራዬን ቴሌግራም ላይ አይታ ደወለችልኝ። አልጋ ይሥሩልኝ አለች። ምን አባቴ እላለሁ፣ የወንድሜ ልጅ ናት፣ ስጦታዬ ነው አልኳት።"

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሹፌሩ የማውቅ መስሎት ነው፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። እኔ የሻዩን ብርጭቆ አንስቼ አፌ ላይ አደረግኩ። ባዶ ነበር። ከወዲያ ጥግ አንዱ፣ በሙያው ልብስ ሰፊ የሆነ ምላሰኛ፣ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል፣

"የወፍጮ ባለቤት ዱቄት ከሰው ይገዛል እንዴ?" አለ።

ሳቁ። ጋሼም ሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ፣ ምን ላድርግ።

ቤት ስገባ ሚስቴን "አውቀሽ ነበር?" አልኳት።

"ያላወቀ ማን አለ?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይኼንን ፊትህን ላለማየት" አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

ደውለህ ልጅህን ለምን አትጠይቃትም የሚል ይኖራል። ምን ብዬ? ለምን ከኔ አላዘዝሽም ብሎ የሚለምን አባት አየህ? አልደወልኩም። ስትደውል ደህና ነኝ እላለሁ፣ ስልኩን ለእናቷ እሰጣለሁ።

እሑድ መሄዴን ግን አላቆምኩም። ብቀር ቀና ይሉኛል። መቅናቴን ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈልግም ነበር፣ ሁሉም እያወቀ። ሹፌሩ በየሳምንቱ የአልጋውን አንድ አንድ አካል ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን የራስጌውን ቋሚ፣ አንድ ቀን በሁለቱ ቋሚዎች መሐል የሚደረደሩትን ቀጫጭን ዘንጎች፣ እያንዳንዱ በቶርኖ የወጣ፣ ወገቡ እንደ ተርብ የቀጠነ። አንዱን ከሌላው መለየት አትችልም። እኔ በርጩማ ላይ አንዱን እግር ካንዱ ማመሳሰል እስካሁን ያናድደኛል። ደግሞ ምክር ይጠይቀኛል።

"ይቺ ቋሚ ወፍራ ይሆን ወንድሜ? አንተ ዓይን አለህ።"

"ወፍራለች" አልኩት፣ የሆነ ነገር ለማለት ያህል።

ይዟት ሄደ፣ በሚቀጥለው እሑድ አቅጥኖ መለሳት። ከበፊቱ አማረች። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

አልጋው አልቆ ጋሼ ግቢ የመጣ ዕለት ለአራት ተሸክመው ነው ያስገቡት። ሹፌሩ በግቢው በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው የሚሠራው፣ ግድግዳም በርም የለውም። የጋሼም በር የመኪና በር ነው። ኒሙ ሥር አስቀመጡት። እንደ ወጉ በጎኑ አጋድመን ሆዱን አየን። እኔ ጎንበስ ብዬ በጣቴ ሄድኩበት። ምላሶቹ የገቡበትን ቦታ በጥፍሬ ፈለግኩ፤ ጥፍር የሚገባበት የለም። የወይራ ችካሎቹ ከዋንዛው እኩል ተላግተው የእንጨቱ ዓይን ብቻ መስለዋል። ኮላ የፈሰሰበት፣ መላጊያ የዘለለው፣ የብርጭቆ ወረቀት የረሳው ቦታ ፈለግኩ። ቁንጫ እንደሚለቅም ሰው ፈለግኩ። አንድም አላገኘሁም። ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ብረት የለበትም፤ ብታንኳኳው እንደ አንድ ግንድ ነው የሚጮኸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። "ባዬ ባዬ ጋሪዳ" አሉ። ሁለቴ።

ለሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሹፌሩ አይሱዙ ተከራይቶ መጣ። አባት ነኝና ከአልጋው ጋር መሄድ ነበረብኝ። ሞጆን አልፈን ወደ መቂ ስንወርድ ጋቢና ውስጥ ከባለ መኪናው ጋር ሦስት ሆነን ተጣበን፤ ሹፌሩ የመስኮቱን ቦታ ለኔ ለቆ በመሐል ማርሹን በጉልበቱ አቅፎ ተቀመጠ። መንገዱን ሁሉ አወራ። አፋር በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ከግመል ጥላ ሥር እንዴት እንደዋለ፣ ግመሏ ስትነሳ እሱም እየተነሳ፣ ስትሄድ እየሄደ። ባለ መኪናው በሳቅ መሪውን ሊለቅ ደረሰ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ ወደ ውጭ አየሁ። መቂ ላይ ሹፌሩ አስቁሞ ቲማቲም በሣጥን ገዛ። "ለሙሽሪት ቤት ባዶ እጅ አይገባም" አለ። ከኋላችን እሱ የሠራው አልጋ ተጭኖ ባዶ እጅ ይላል! ባዶ እጅ የሄድኩስ እኔ።

ዝዋይ ደረስን። ልጄ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። እኔን ሳመችኝ፣ ሹፌሩን ጎንበስ ብላ "እንኳን ደህና መጡ" አለችው። የተከራዩት ቤት ደህና ነው፣ ሲሚንቶ ነው፣ ከመንገድ የብረት በር አለው፣ ከዚያ ጠባብ ኮሪደር፣ መኝታ ቤቱ በስተግራ። የሠፈር ጎረምሶች ተጠርተው አልጋውን አወረዱ። ሰው ወጥቶ አየ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ለኔ ማንም እልል አላለም።

ራስጌው በበሩ ገባ። ኮሪደሩ ላይ ሊጠመዘዝ ሲል ተቀረቀረ። አወጡት። በግርጌው አስገቡት፤ ተቀረቀረ። በጎኑ አቆሙት፣ ራስጌው ጣሪያውን ነካ። በመስኮት ይሁን አሉ፣ መስኮቱ የፌሮ ብረት አለው። አንዲት ጎረቤት ግድግዳው ይፍረስ አለች፤ የቤቱ ባለቤት ሰምቶ እንደሆነ ለማየት ወዲያና ወዲህ ዞረች።

"ይፈታ እንጂ" አለ አንዱ ጎረምሳ። "ቡሎኑ በየት ነው?"

ያኔ ነው የገባን። ለሹፌሩም ለኔም እኩል ነው የገባን፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። አልጋ ይፈታል። በዚህች አገር ያለ አልጋ ሁሉ ይፈታል፣ ሰው ከቤት ቤት ሲዛወር ፈትቶ በጋሪ ይጭነዋል። እኛ ግን ለወራት እሑድ እሑድ ከበን ስናየው፣ ሆዱን ስንፈትሽ፣ በር የሚባል ነገር በማናችንም ልብ አልመጣም። ብረት እንዳይነካው ብቻ ነበር ጭንቃችን። እኔ እንኳ፣ እንከን ፍለጋ የታወርኩት፣ አልጋ የሚያህለውን እንከን አላየሁትም። ብሠራው ኖሮ እኔም እንዲሁ ነበር የምሠራው።

ሹፌሩ ዝም አለ። ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። ኮፍያውን አወለቀና ያዘው።

ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ? በሙቀት መሐል ቀዝቃዛ ውሃ እንደመጠጣት ሆዴ ድረስ ወረደ።

ጎረምሶቹ ሮጠው ከመንገድ ዳር አንድ አናጢ ጠርተው መጡ። አናጢው ወጣት ነው፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። አልጋውን ዞሮ ዞሮ አየና ሳቀ።

"ቡሎን የሌለው አልጋ? የቱ ዕብድ ነው የሠራው?"

አናጢው እንጨቱን በጣቱ አንኳኳ። "ቀላል ነው፣ ለሁለት እንከፍለዋለን፣ ከዚያ በጠፍጣፋ ብረት እንወጋዋለን" አለና መጋዙን አነሳ። መጋዙን አየሁት። ለባሕር ዛፍ የሚሆን፣ ጥርሱ እንደ አዞ የገጠጠ። የጎኑን እንጨት መሐሉ ላይ፣ ሰው የሚያየው ቦታ፣ ቫርኒሹ ላይ አስቀመጠው።

እጁን ያዝኩት። ራሴም አላውቅም እንዴት እንደያዝኩት።

"እዚያ አይቆረጥም" አልኩ።

"አባቴ፣ ሌላ መንገድ የለውም።"

"አለው። ምላሱ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ።"

አውቃለሁ እኮ። ያንን አልጋ ከሠራው ሰው በቀር የኔን ያህል ያየው የለም። ለወራት በጥላቻ ሳየው ኖሬያለሁ፤ እያንዳንዱ ችካል የት እንዳለ፣ ዋንዛው ዥንጉርጉር የሚሆነው የት ላይ እንደሆነ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። ግርጌው መነካት የለበትም፣ ራስጌው ብቻ ነው መለየት ያለበት። ልክ ቋሚውን ታክከህ ብትቆርጥ ምላሱ ቋሚው ሆድ ውስጥ ይቀራል፣ ርዝመቱ አይጎድልም፣ ጠባሳው አይታይም። ከዚያ በዚያው በምላሱ መሐል ቡሎን ማሳለፍ ነው።

ለሹፌሩ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። "አንተ ቁረጠው" አለኝ። "እኔ አልችልም ወንድሜ። ወላሂ አልችልም።" ወጥቶ አይሱዙው ጥላ ሥር ቁጭ አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶን።

ጥርሱ ደቀቅ ያለ መጋዝ ከሰፈር ተገኘ። ጎረምሶቹ ራስጌውን ደግፈው ያዙ፣ ልጄ የጎኑን እንጨት እንዳይንቀጠቀጥ በሁለት እጇ ጨበጠች። መቁረጥ ጀመርኩ። ሰጋቱራው እግሯ ላይ ይወርዳል። ስንት ጊዜ በሐሳቤ ይኼንን አልጋ ለማገዶ ፈልጬዋለሁ፤ አሁን መጋዙ እጄ ላይ ሲሆን ቋሚውን እንዳልጭር ትንፋሼን ይዣለሁ።

ቀና ሳልል፣ "ለምን ከኔ አላዘዝሽም?" አልኳት። ወጣልኝ።

"አባዬ፣ አሁን?"

"አሁን።"

ጎረምሶቹ ወደ ጣሪያ አዩ። እሷ ሰጋቱራውን ከእግሯ አራገፈችና፣ "ያቺን የሠራህልኝን ጠረጴዛ ታስታውሳለህ?" አለች። "ትምህርት ቤት እያለሁ።"

"ትኩስ ድስት አስቀምጠሽባት።"

"አየህ! አንድ ጊዜ ነው ያስቀመጥኩት። አሁንም ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር የጠረጴዛዋን ልብስ ገልጠህ ድስቱ ያቃጠለውን ቀለበት ታሳያለህ። 'ይቺ ልጅ ናት' እያልክ። ለኔ ቤት አልጋ ብትሠራ፣ በመጣህ ቁጥር አንሶላ እየገለጥክ ልታይ ነው። ባሌ ምን ይለኛል? መተኛት ነው የፈለግኩት አባዬ። የሳቸው ከሆነ እተኛበታለሁ፣ ይቧጨራል፣ ማንም አይቆጣኝም።"

"ትኩስ ድስት ቫርኒሽ ያቃጥላል" አልኳት። እውነት ነው፣ ያቃጥላል።

"አውቃለሁ ያቃጥላል" አለች። "ቁረጥ።"

ቆረጥኩ። በሌላውም በኩል ቆረጥኩ። ራስጌው ሲለቅ እንጨቱ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ጮኸ፤ ሹፌሩ ከውጭ ሰማ መሰለኝ፣ ትከሻው ሲነሳ በበሩ አየሁት። ሁለቱ አካል ለየብቻው ኮሪደሩን አልፎ መኝታ ቤት ገባ። ያ ወጣት አናጢ ድሪሉን አመጣ፣ ረዥም ቡሎንና ዳዶ ከሱቅ ተገዛ። ዳዶው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በውስጥ በኩል፣ ፍራሽ በሚሸፍነው ቦታ በመሮ ቆፈርኩ። የቡሎኑን ራስ ወደ እንጨቱ አሰመጥኩት። በመፍቻ ሳጠብቀው እንጨቱ ከእንጨቱ ጋር ተሳመ፣ መጋዙ ያለፈበት መሥመር ጠፋ። ቀጥ ያለ ነገር ሠራሁ። ጋሼ ቢያዩት ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ አላዩትም።

ሹፌሩ ገባ። በእጁ ራስጌውን ገፋ፣ ሳበ። ቁጭ አለበት። ጫማውን አውልቆ ተጋደመ፣ ሙሽራዋ ፊት! ጣሪያውን እያየ "አሁን ገና አልጋ ሆነ" አለ። "ወላሂ ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር ያ አናጢ አልጋዬን በመጋዝ ይገድልብኝ ነበር።"

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቢያኮርፍ፣ አበላሸህብኝ ቢል፣ እኔም የምለው ነበረኝ። እሱ ግን አመሰገነኝ፣ ሰው ሁሉ ሰማ፣ ትልቅ ሰው እሱ ሆነ። በመመለሻው መንገድም የመስኮቱን ቦታ ለኔ ሰጠኝ።

ሠርጉ አለፈ። የአልጋው ፎቶ ቴሌግራም ላይ ወጣ፣ አበባ ተነስንሶበት። ሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። የሹፌሩን እጅ ስንቱ ባረከው። ስለ ቡሎኑ ማን ያውቃል? ሹፌሩ ራሱ ነው እሑድ ዕለት ኒሙ ሥር ቆሞ፣ እየሳቀ፣ በራሱ ላይ እየቀለደ፣ ታሪኩን ሁሉ የነገራቸው። "እሱ ነው ያዳነኝ" አለ። ልብስ ሰፊው ወዲያው፣

"ታዲያ ብረት የነካው እሱ ነው ማለት ነው! ለስላሳ ይጋብዝ!" አለ።

ሕግ ሕግ ነው አሉ ጋሼ። ጋበዝኩ። ሚሪንዳቸውን እየጠጡ ስለ አልጋው አወሩ፤ የሹፌሩ አልጋ፣ የሹፌሩ አልጋ። ከዚያ በኋላ ክረምት እስኪመጣ ድረስ ይወራል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ልጄ እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ስልኩን ለእናቷ እሰጣለሁ።

ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ ሆነ። ነፋሱ ሁሉን የሚያደርቅበት ወቅት ነው፣ እንጨት ይኮማተራል፣ በር ሁሉ ይላላል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት። ቅዳሜ አትደውልም፣ ደነገጥኩ።

"አባዬ፣ አልጋው ይንቋቋል።"

"የቱ ጋ?"

"ራስጌው ጋ። በተገላበጥን ቁጥር። ጎረቤት ሁሉ ሰማን፣ ኧረ አሳፈረን!"

እንደዚህ ያለ ነገር ለአባት ይነገራል? ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። ከዚያ፣ እንዲህ ያለ ክፉ አፍ ነው ያለኝ፣ "የሠራልሽን ሰው ጥሪ" አልኳት።

"እሳቸው ምን ያደርጉልኛል? የላላው ያንተ ነው። ና አጥብቀው። ደግሞ ስትመጣ እደር፣ ዓሣ እሠራለሁ።"

ያንተ ነው አለችኝ። የላላው ይሁን፣ ያንተ ነው አለችኝ።

መፍቻዬን በፌስታል ጠቅልዬ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚስቴ እኔም ልሂድ አለች፣ ለብቻዬ ነው አልኳት። ዝዋይ ስደርስ ባሏ ፍራሹን አንስቶ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጠበቀኝ። ተንበርክኬ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። እንጨቱ ተኮማትሮ ነው እንጂ ሥራው ምንም አልሆነም። አልጋው ላይ ቧጨራ አየሁ፣ ግርጌው ላይ፣ የሆነ ነገር የጎተቱበት። ዓይኔ ሄደ፣ ልጄ ዓይኔን አየችው። አፌን ዘጋሁ። ዓሣውን በላሁ፣ አደርኩ።

ሹፌሩ ላይ ዛሬም እቀናለሁ፣ ክዳኑ ዛሬም ይተነፍሳል፣ ጋሼም ባዬ አላሉኝም። ያ ሌላ ነገር ነው፣ ከኔ ጋር ይሞታል። የአልጋው ነገር ግን ያለቀው ያን ዕለት ነው፤ በግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ ሚያዝያ ሠላሳ ቀን።